ኤሌክትሪክ ጊታርን በትንሽ ወጪ በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ መቅዳት

ኤሌክትሪክ ጊታር ለመቅዳት ስቱዲዮ፣ ትልቅ አምፕ እና ውድ ማይክ የግድ አያስፈልጉም። ጊታሩ፣ ኮምፒውተሩ፣ አንድ ገመድ እና መሃል ላይ የምትገባ አንዲት ትንሽ ዕቃ ይበቃሉ። ነገሩ አዲስም አይደለም። በ1960ዎቹ ዲትሮይት ውስጥ የሞታውን ሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ ጊታሪስቶች አምፕ ፊት ማይክ ሳይቆምላቸው በቀጥታ ወደ ስቱዲዮው መሣሪያ እየሰኩ ይቀዱ ነበር።

ግን ብዙ ሰው አንዴ ይሞክርና «በቀጥታ ሲቀዳ ድምፁ አይረባም» ብሎ ይተወዋል። እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ አይረባም። ምክንያቱ ግን ዕቃው ርካሽ መሆኑ አይደለም። ከሁለት ነገሮች አንዱ ስለሚጎድል ነው፦ ወይ ጊታሩ የተሰካበት ቀዳዳ ለጊታር የተሠራ አይደለም፣ ወይ ደግሞ የስፒከሩ ሥራ ተዘሏል። የመጀመሪያው ትንሽ ገንዘብ ይፈልጋል። ሁለተኛው በነፃ ይገኛል። እነዚህ ሁለቱ ከተስተካከሉ በርካሽ ዕቃ የተቀዳ ጊታር ሰው የሚሰማው፣ ዘፈን ውስጥ የሚገባ ጊታር ይሆናል።

ጊታሩ ያገኘው ቀዳዳ ላይ ለምን አይሰካም?

ጊታሩ ላይ ከክሮቹ ሥር ያለው ፒክአፕ ማግኔት ዙሪያ በሺዎች ጊዜ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። ክሩ ሲንቀጠቀጥ ሽቦው ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። አቅሙ ደካማ ስለሆነ የተሰካበት መሣሪያ ብዙ ጅረት ሊስብበት ሲሞክር ወዲያው ይዳከማል፤ መጀመሪያ የሚጠፋው ደግሞ የላይኛው፣ ጥርት ያለው ድምፅ ነው። የጊታር አምፕ መግቢያ ኢምፒዳንሱ (ለጅረት ያለው ተቃውሞ) ብዙውን ጊዜ 1 ሜጋ ኦም አካባቢ እንዲሆን የሚደረገው ለዚህ ነው። እዚህ ደረጃ ሲደርስ ከጊታሩ የሚስበው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የኮምፒውተር ላይን ኢን (ከሌላ መሣሪያ ድምፅ ማስገቢያው ቀዳዳ) ግን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ኦም ብቻ ነው ያለው፤ የማይክ ቀዳዳው ከዚያም ያንሳል። ጊታሩን እዚያ በቀጥታ ስትሰኩት የሚመጣው ድምፅ የታፈነና ሕይወት የሌለው ነው። በኋላ በኢኳላይዘር ትሬብሉን ላንሳው ብትሉ ኖይዙ አብሮ ይነሳል።

ጊታራችሁ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ማለትም አክቲቭ ፒክአፕ ያለው ከሆነ ይህ ችግር ብዙም አይነካችሁም። ውስጡ ያለችው ትንሽ ሰርኪዩት ሥራውን ቀድማ ሠርታዋለች።

ላፕቶፕ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ብዙዎቹ ያላቸው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ እሱም ማይክና ሄድፎን አንድ ላይ ለያዘ የስልክ ዓይነት ሄድሴት የተሠራ ነው። የጊታር ጃክ በአዳፕተር አሳንሳችሁ እዚያ ብትከቱት ኮምፒውተሩ ሄድፎን የተሰካ ይመስለዋል፣ ምንም ላይቀዳም ይችላል። ማይክና ሄድፎኑን የሚለይ አዳፕተር ቢኖራችሁም እንኳ ኮምፒውተሩ ለማይክ ብሎ የሚያበራቸው «ማሻሻያዎች» አሉ። ኖይዝ የሚያጠፋው፣ ድምፅን በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው፣ እነዚህ ሁሉ ለንግግር የተሠሩ ናቸው። ጊታር ላይ ረጅም ኖታ ስትይዙ እንደ ጫጫታ ቆጥረው ሊያደበዝዙት ይችላሉ። በዚህ መንገድ መቅዳት ግድ ከሆነባችሁ መጀመሪያ የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሁሉንም አጥፏቸው።

ምንም ሳትገዙ መጀመር

ቤት ውስጥ የጊታር ፔዳል ካላችሁ የመጀመሪያው ችግር ግማሹ ተፈትቷል። ብዙ ፔዳሎች በፈር የሚባል ሰርኪዩት አላቸው። በፈር ከጊታሩ በኩል በከፍተኛ ኢምፒዳንስ ይቀበላል፣ በሌላው በኩል ግን ላይን ኢን የሚስማማው ጠንከር ያለ ሲግናል ያወጣል። አብዛኞቹ የቦስ ትንንሽ ፔዳሎች ኢፌክቱ ጠፍቶም በፈራቸው ይሠራል፤ ኃይል ማግኘታቸው ብቻ ነው የሚፈለገው። ትሩ ባይፓስ የሆነ ፔዳል ግን ሲጠፋ ጊታሩን እንዳለ ስለሚያሳልፈው ምንም አይጠቅምም፣ መብራት አለበት። ንጹሕ ቡስተር ወይም ኢኳላይዘር ፔዳል ለዚህ ሥራ በጣም ይመቻል።

አሰካኩ ቀላል ነው። ጊታር ወደ ፔዳል፣ ከፔዳል በ6.35 ሚሊሜትር ገመድና ወደ 3.5 በሚያሳንስ አዳፕተር ወደ ዴስክቶፑ ሰማያዊ ቀዳዳ። ሰማያዊው ላይን ኢን ነው፣ ሮዙ ማይክ ነው፤ ሰማያዊው ይሻላል። ድምፁ በግራ በኩል ብቻ ከመጣ አትደንግጡ። ገመዱ ሞኖ ስለሆነ ነው፣ ትራኩን ሞኖ አድርጋችሁ ቅዱ። ይህ መንገድ ሐሳብ ለመያዝና ለመለማመድ ይሆናል። ለቁም ነገር ሥራ ግን መዘግየቱና ኖይዙ ያሰለቻል። እንዲያም ሆኖ አንድ ሳንቲም ሳታወጡ መቅዳት መጀመር ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ነፃ መንገድ ቤት ያለውን ዕቃ ጀርባውን መመልከት ነው። ማልቲ ኢፌክት ፔዳል ወይም አዲስ የመለማመጃ አምፕ ካላችሁ ዩኤስቢ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል። የቦስ ካታና እና የያማሃ ቲኤችአር አምፖች ለምሳሌ በዩኤስቢ ድምፅ ወደ ኮምፒውተር ያስገባሉ። እንዲህ ዓይነት ዕቃ ካላችሁ ሌላ ምንም አትግዙ፣ ኢንተርፌሳችሁ፣ ማለትም ጊታሩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ዕቃ፣ እሱ ነው። ግን ተጠንቀቁ፦ ዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው ሁሉ ድምፅ አያስተላልፍም። አንዳንዶቹ ቀዳዳው ለሶፍትዌር ማደሻ ብቻ ነው። ማንዋሉ ላይ ዩኤስቢ ኦዲዮ የሚል መኖሩን አረጋግጡ፣ በተለይ ለመግዛት ስታስቡ።

ስለ አምፕ ካነሳን አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። የአምፕን ስፒከር አውት በፍጹም ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ኢንተርፌስ እንዳትሰኩ። እዚያ የሚወጣው ስፒከር የሚያንቀሳቅስ ኃይል ነው፣ የተሰካበትን ዕቃ ያቃጥላል። ቱቦ አምፕ ከሆነ ደግሞ ስፒከሩ ተነቅሎ ሲሠራ የራሱ ትራንስፎርመርም ሊቃጠል ይችላል። ላይን አውት ወይም ሄድፎን አውት ካለው በዚያ ተጠቀሙ። ከሌለው አምፑን ተዉትና ጊታሩን ብቻ ቅዱ።

ዩኤስቢ የጊታር ገመድ

አንድ ጫፉ የጊታር ጃክ፣ ሌላው ዩኤስቢ የሆነ ገመድ አለ። ከሁሉም ርካሽ የሚባለው መንገድ ነው። ዩቢሶፍት ለሮክስሚዝ ጨዋታው የሠራው ሪል ቶን ገመድ ከታወቁት አንዱ ሲሆን ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ማይክ ሆኖ ስለሚታይ ለመቅዳትም ያገለግላል። ስም የሌላቸው ብዙ ዓይነቶችም አሉ፤ እነሱ ላይ ኖይዙም ጥራቱም ዕድል ነው።

የእነዚህ ገመዶች ዋና ችግር ድምፁን ማስገባታቸው ላይ አይደለም፣ መልሶ መስማቱ ላይ ነው። አብዛኞቹ የሄድፎን መውጫ የላቸውም። ጊታሩ በገመዱ ይገባል፣ እናንተ የምትሰሙት ግን በኮምፒውተሩ የራሱ ሳውንድ ካርድ ነው። ሁለት የተለያዩ ዕቃዎችን አንድ ላይ ማሠራት ደግሞ መዘግየት ያመጣል፣ አንዳንዴም ድምፁ ይቆራረጣል። ስለዚህ ገመድ ልትገዙ ከሆነ ሄድፎን የሚሰካበት ያለውን ምረጡ። ትንሽ መጠበቅ የምትችሉ ከሆነ ግን ገመዱን እለፉትና ገንዘቡን ለሚቀጥለው አስቀምጡት።

ገንዘብ የሚወጣበት ቦታ፦ ኦዲዮ ኢንተርፌስ

አንድ ዕቃ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ትንሽ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ግዙ። አንድ ወይም ሁለት መግቢያ ያለው ይበቃል። ስምንት መግቢያ ያለው ድራም ለሚቀዳ ሰው ነው።

ስትመርጡ የሚታዩት ነገሮች ጥቂት ናቸው። ከሁሉም በፊት የጊታር መግቢያ። «ኢንስት» ወይም «ሃይ ዚ» የሚል ቁልፍ አለው፣ ወይ ደግሞ የጊታር ሥዕል። ቀጥሎ ዊንዶውስ የምትጠቀሙ ከሆነ የራሱ የአሲዮ ድራይቨር ያለው መሆኑን እዩ። አሲዮ ስታይንበርግ ያወጣው አሠራር ነው፤ ፕሮግራሙ የዊንዶውስን የድምፅ ሥርዓት ዘሎ ከኢንተርፌሱ ጋር በቀጥታ እንዲነጋገር ያደርጋል፣ መዘግየቱም በጣም ይቀንሳል። ማክ ላይ ኮር ኦዲዮ ይህን ሥራ ስለሚሠራ ብዙ አትጨነቁ። ከዚያ ሄድፎን መውጫ። እነዚህ ሦስቱ ካሉ የቀረው ቀለምና ቅርፅ ነው።

ፎከስራይት ስካርሌት ሶሎ፣ ኤም ኦዲዮ ኤም ትራክ ሶሎ፣ የቤሪንገር ዩ ፎሪያ ተከታታይ፣ ሁሉም ጀማሪ የሚገዛቸው ናቸው። ከቤሪንገሮቹ ውስጥ ከታናናሾቹ ይልቅ 202 ኤችዲ የሚለውን እመርጣለሁ፤ 24 ቢት ይቀዳል፣ የራሱ አሲዮ ድራይቨርም አለው። በእነዚህ መካከል ያለውን የድምፅ ልዩነት እያነጻጸሩ ወራት መፍጀት ግን ጥቅም የለውም። ክሩን መቀየር ከዚያ በላይ ልዩነት ያመጣል። በእርግጠኝነት ነው የምናገረው።

ያገለገለ መግዛት በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ምክንያቱም ኢንተርፌስ ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፣ በቀላሉ አያረጅም። የሚያረጀው ድራይቨሩ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት አምራቹ ለእናንተ ዊንዶውስ ወይም ማክ ድራይቨር እስካሁን ማውጣቱን እዩ። ፋየርዋየር የሚጠቀሙ የድሮ ዕቃዎች ርካሽ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ፣ ግን ዛሬ ያሉ ኮምፒውተሮች ላይ መሰኪያውም ድጋፉም የለም፤ ተዉአቸው። ዕቃውን ስትፈትሹ ጊታር ሰክታችሁ ጌይኑን (የሚገባውን ድምፅ መጠን የሚቆጣጠረውን ቁልፍ) አዙሩ፣ ዩኤስቢውን ትንሽ ነካ ነካ አድርጉት፣ ሄድፎኑን በሁለቱም ጆሮ ስሙ። ጌይኑ ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ችግሩ ትንሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው። ዩኤስቢው ሲነካ የሚጠፋ ከሆነ ግን አትግዙት።

ሲደርሳችሁ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩት፤ በዩኤስቢ ማከፋፈያ (ሃብ) በኩል ሲሆን አንዳንዴ ኃይል ያንሰውና ድምፅ ይቆራርጣል። የ48 ቮልት ቁልፉ ለኮንዴንሰር ማይክ ስለሆነ ጊታር ስትቀዱ አጥፉት። የኢንስት ቁልፉን ደግሞ አብሩ። ይህችን ቁልፍ ረስቶ «ኢንተርፌሱ ደካማ ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው።

የስፒከሩ ጉዳይ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ጊታሩን ሰካችሁ፣ ዲስቶርሽን ፕለጊን (መቅጃ ፕሮግራሙ ውስጥ የሚከፈት፣ ድምፁን የሚያሻክር ትንሽ ፕሮግራም) ከፈታችሁ፣ የሚወጣው ድምፅ ግን ቆርቆሮ ውስጥ እንደታሰረ ንብ ነው። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው።

የጊታር ስፒከር የቤት ሙዚቃ ማጫወቻ ስፒከር አይደለም። ባለ 12 ኢንች የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ በፍጥነት ይጥለዋል። ዲስቶርሽን ደግሞ በተፈጥሮው ከላይ በኩል ብዙ ሻካራ ድምፅ ይፈጥራል። አምፕ ላይ ስንጫወት ያንን ሻካራ የሚቆርጠው ስፒከሩና የተቀመጠበት ሳጥን ነው። በቀጥታ ስንቀዳ ስፒከር የለም፣ ስለዚህ ሻካራው ሁሉ እንዳለ ጆሯችን ውስጥ ይገባል። መፍትሔው የስፒከሩን ሥራ ኮምፒውተሩ ውስጥ መተካት ነው።

ይህ የሚደረገው ኢምፐልስ ሪስፖንስ በሚባል ፋይል ነው፤ ሰዉ ባጭሩ አይ አር ይለዋል። እውነተኛ ስፒከር ፊት ማይክ ቆሞ የተወሰደ በጣም አጭር የድምፅ ፋይል ነው፣ ከአንድ ሰከንድ በታች። የዚያን ስፒከር፣ የሳጥኑን እና የማይኩን ባሕርይ ይይዛል። አይ አር ሎደር የሚባል ፕለጊን ውስጥ ከታችሁት ከአምፕ ፕለጊኑ በኋላ ስታስቀምጡት ንቡ ወዲያው ይጠፋል። ኢግናይት አምፕስ ያወጣው ናዲር ነፃ ነው፣ አጠቃቀሙም ቀላል ነው። ነፃ አይ አሮችም ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል። የሴሌስቺን ቪንቴጅ 30 ስፒከር በሹር ኤስ ኤም 57 ማይክ የተወሰደበትን ፈልጉ፤ ለሮክም ለሌላም የሚሆን፣ ብዙ ቀረጻ ላይ የሰማነው ዓይነት ድምፅ ነው።

አንድ ምክር፦ መቶ አይ አር አውርዳችሁ አንድ በአንድ ስትሞክሩ አትመሹ። አምስት ምረጡ። ጊታሩን ብቻውን ሳይሆን ድራምና ቤዝ እየተጫወተ አነጻጽሯቸው፣ የድምፃቸውንም ከፍታ እኩል አድርጉ፤ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ስለሚመስል ጆሮን ያታልላል። ከአምስቱ አንዱን ያዙና ሥራችሁን ቀጥሉ።

አምፑ ራሱ

አምፕ ፕለጊን በነፃ የሚገኝበት ዘመን ላይ ነን፣ ጥራቱም የሚያስገርም ነው። ኒውራል አምፕ ሞደለር የተባለው፣ ስቲቨን አትኪንሰን የጀመረው ክፍት ፕሮግራም፣ የእውነተኛ አምፕን ባሕርይ በኒውራል ኔትወርክ ተምሮ ይመስለዋል። ሰዎች የራሳቸውን አምፕ እየቀዱ ቶን 3000 የተባለው ድረ ገጽ ላይ ስለሚጭኑ አውርዶ መጠቀም ነው። እኔ ዛሬ ከዜሮ ለሚጀምር ሰው በመጀመሪያ የምነግረው ይህንን ነው። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። ፋይሉ አምፑን ብቻ የያዘ ነው ወይስ ከነስፒከሩ? ከነስፒከሩ ከሆነ ላዩ ላይ ሌላ አይ አር አትጨምሩ፣ ድምፁ ይታፈናል። ሌላው፣ ኮምፒውተራችሁ አሮጌ ከሆነ ላይት፣ ፌዘር ወይም ናኖ የሚሉትን ቀለል ያሉ ሞዴሎች ፈልጉ።

ማዋቀር የሚያሰለቻችሁ ከሆነ ደግሞ አምፑም ስፒከሩም ኢፌክቱም አንድ ላይ የተሰባሰበበት ፕሮግራም አለ። አምፕሊቱብ እና ጊታር ሪግ ሁለቱም ነፃ ዓይነት አላቸው፤ ጥቂት አምፖችን ብቻ ይሰጣሉ፣ ለመጀመር ግን ከበቂ በላይ ነው። ሊኑክስ ላይ ጊታሪክስ አለ።

የመቅጃ ፕሮግራሙን በተመለከተ፣ ማክ ካላችሁ ጋራዥባንድ በነፃ አለ፣ የጊታር አምፖችም ውስጡ አሉ፤ ሌላ ሳትፈልጉ ጀምሩ። ዊንዶውስ ላይ ሪፐርን እመርጣለሁ። ትንሽ ነው፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይሮጣል፣ ለ60 ቀን ምንም ሳይጎድል በነፃ ይሞከራል፣ ፈቃዱም ከሌሎቹ ጋር ሲታይ ርካሽ ነው። ኦዳሲቲ ነፃ ነው፣ ብዙ ሰውም ያውቀዋል፤ ግን እየቀዳችሁ ባለበት ሰዓት ጊታራችሁን በአምፕ ፕለጊን ውስጥ አሳልፎ አያሰማችሁም። ለጊታር ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፣ ምክንያቱም ዲስቶርሽን እየሰማ የሚጫወት እጅ እና ባዶ ክር እየሰማ የሚጫወት እጅ አንድ ዓይነት አይጫወቱም።

መዘግየትን መግደል

ክሩን ትመታላችሁ፣ ድምፁ ቆይቶ ይመጣል። በዚህ ሁኔታ ሪትም መጠበቅ አይቻልም። ይህ የሚስተካከለው መቅጃ ፕሮግራሙ ውስጥ በፈር ሳይዝ የሚባል ቁጥር ላይ ነው፤ ከፔዳሉ በፈር ጋር አይገናኝም። ኮምፒውተሩ ድምፁን በክምር በክምር ነው የሚሠራው፣ ክምሩ ሲያንስ መዘግየቱ ያንሳል፣ ፕሮሰሰሩ ግን የበለጠ ይጨነቃል። ቁጥሩን ማወቅ ከፈለጋችሁ በፈሩን ለሳምፕል ሬቱ (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ የሚያሳየው ቁጥር) አካፍሉ፦ 128 ሳምፕል በ48,000 ሲካፈል 2.7 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ነው። 512 በ44,100 ደግሞ 11.6። ይህ የአንድ አቅጣጫው ብቻ ነው፤ ድምፁ ገብቶም ወጥቶም ስለሆነ የምትሰሙት ቢያንስ እጥፉ ነው፣ ኢንተርፌሱ ራሱም ትንሽ ይጨምርበታል።

ስንት ይበቃል? ድምፅ በአየር ላይ በአንድ ሚሊ ሰከንድ 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ የ10 ሚሊ ሰከንድ መዘግየት ማለት ከአምፑ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ርቆ መቆም ማለት ነው። መድረክ ላይ ይህ የተለመደ ርቀት ነው፣ አብዛኛው ሰው አይረበሽበትም። ስትቀዱ 128 ላይ ጀምሩ። ድምፁ ከተንጣጣ ወደ 256 አንሱት። ቀድታችሁ ጨርሳችሁ ሚክስ ስታደርጉ ደግሞ ወደ 1024 ከፍ አድርጉት፣ ያን ጊዜ መዘግየት አያሳስብም። ላፕቶፕ ከሆነ ኃይል ቆጣቢ ሁነታውን አጥፉ፣ ዋይፋዩንም ለጊዜው ዝጉት፤ አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ የመንጣጣቱ ምክንያት እሱ ነው።

የራሱ አሲዮ ድራይቨር የሌለው ዕቃ ከሆነ ያላችሁ አሲዮ ፎር ኦል የተባለውን ነፃ ድራይቨር ሞክሩ። ሁልጊዜ አይሠራም፣ ሲሠራ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። እና እባካችሁ በብሉቱዝ ሄድፎን አትቅዱ። ብሉቱዝ ራሱ የሚጨምረው መዘግየት በበፈር ማስተካከል የሚጠፋ አይደለም። ባለገመድ ሄድፎን፣ ርካሽም ቢሆን፣ ይሻላል።

ምንም ብታደርጉ መዘግየቱ ካልጠፋ ዳይሬክት ሞኒተር የሚባል ቁልፍ ኢንተርፌሱ ላይ አለ። ድምፁን ኮምፒውተሩ ውስጥ ሳያስገባ ወዲያው ወደ ሄድፎኑ ይልከዋል። የምትሰሙት ያልታሸ ጊታር ነው፣ ግን በሰዓቱ ይደርሳል። ፕለጊኑን በምትጠቀሙበት ጊዜ ግን ይህን ቁልፍ አጥፉ፣ አለበለዚያ ሁለት ጊታር በአንድ ላይ ትሰማላችሁ።

ጌይን እና ኖይዝ

ትራኩ 24 ቢት ይሁን። 24 ቢት ሲሆን ድምፁን አፍንጫው ድረስ መሙላት አያስፈልግም። ጊታሩ ላይ ያለውን ቮሊዩም ሙሉ ክፈቱ፣ ዘፈኑ ውስጥ በኃይል የምትመቱትን ቦታ በኃይል ምቱ፣ የኢንተርፌሱን ጌይን ደግሞ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲሆን አድርጉ። አልፎ አልፎ 6 ቢደርስ ችግር የለውም። ቀዩ መብራት ከበራ ግን ድምፁ ተበላሽቷል ማለት ነው፣ በኋላ ምንም አይመልሰውም። አምፑ የበለጠ እንዲጮህ ከፈለጋችሁ ጌይኑን ፕለጊኑ ውስጥ አንሱ፣ ኢንተርፌሱ ላይ አይደለም። ሃምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) ያለው ጊታር ጠንካራ ሲግናል ስለሚያወጣ ጌይኑ ዜሮ ላይ ሆኖም ቀይ የሚያበራበት ጊዜ አለ፤ ያኔ የጊታሩን ቮሊዩም ትንሽ ቀንሱ ወይም ፒክአፑን በብሎኑ ከክሩ ትንሽ ዝቅ አድርጉት።

«እምም» የሚለው ድምፅ ሁሉም ጊታሪስት የሚያውቀው ጠላት ነው። ሲንግል ኮይል፣ ማለትም ባለ አንድ ጥቅል፣ ፒክአፕ አካባቢው ላይ ያለውን የመብራት ኃይል ሞገድ ይይዛል። ሃምበከር የተፈለሰፈውም ይህንን ለማጥፋት ነው፣ የጊብሰኑ ሴዝ ላቨር በ1955 ነው የፓተንት ማመልከቻውን ያስገባው። በሲንግል ኮይል የምትቀዱ ከሆነ ወንበራችሁን ቀስ እያላችሁ አዙሩ፤ ድምፁ በጣም የሚቀንስበት አቅጣጫ አለ፣ እሱ ላይ ተቀመጡ። ከስክሪኑና ከቻርጀር ራቁ። ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አንሱት። ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅላችሁ ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ኖይዙ የሚመጣው ከዚያ ነው፣ በባትሪ መቅዳት ያንን ያጠፋዋል። ክሩን ስትነኩ ድምፁ የሚቀንስ ከሆነ ይህ የተለመደ ነው። ክሩን ስትነኩ የሚጨምር ከሆነ ግን የጊታሩ ወይም የገመዱ ግራውንድ ላይ ችግር አለ፣ መጀመሪያ ገመዱን ቀይራችሁ እዩ።

የቀረውን ኖይዝ ጌት የሚባለው፣ ሳትጫወቱ ድምፁን የሚዘጋው ፕለጊን ይጨርሰዋል። ጌቱን ከአምፕ ፕለጊኑ በፊት አስቀምጡት፣ በልኩ። ብዙ ከጠበቀ የኖታዎቹን ጭራ ይቆርጣል።

መቅዳቱ

ክሩ አዲስ ይሁን፣ በእያንዳንዱ ቀረጻ መካከልም አስተካክሉት። በቀጥታ ሲቀዳ ሁሉም ነገር ራቁቱን ነው የሚሰማው፣ ያልተስተካከለ ክር የሚደበቅበት ክፍል ወይም ማይክ የለም።

ፕለጊኑን ትራኩ ላይ አድርጋችሁ እየሰማችሁ ቅዱ፣ ፋይሉ ላይ የሚቀመጠው ግን ደረቁ፣ ፕለጊን ያልነካው ጊታር ይሁን። ሪፐርም ጋራዥባንድም ካልቀየራችሁት በዚህ መንገድ ነው የሚሠሩት። ይህ በቀጥታ የመቅዳት ትልቁ ጥቅም ነው። ነገ አምፑ አላስደሰታችሁም? ትቀይሩታላችሁ፣ እንደገና መጫወት አያስፈልግም። ከወር በኋላ የተሻለ አይ አር አገኛችሁ? ያው ነው።

ጌይን ስታስተካክሉ ከምታስቡት ቀንሱት። ብቻውን ሲሰማ የሚጣፍጥ ዲስቶርሽን ከባንዱ ጋር ሲሆን ጭቃ ይሆናል። ወፍራም ድምፅ የሚመጣው በጌይን ሳይሆን በድርብ ቀረጻ ነው፦ አንዱን ሪትም ሁለት ጊዜ ተጫወቱት፣ አንዱን ሙሉ ወደ ግራ፣ ሌላውን ሙሉ ወደ ቀኝ አድርጉት። ኮፒ ማድረግ አይሠራም። ኮፒ የተደረገ ትራክ መሃል ላይ ከፍ ብሎ ይሰማል እንጂ አይሰፋም፤ ስፋቱን የሚፈጥሩት በሁለቱ ጨዋታዎች መካከል ያሉት ትንንሽ ልዩነቶች ናቸው። ለሁለተኛው ሌላ ፒክአፕ ወይም ሌላ አምፕ ብትመርጡ ደግሞ ይበልጥ ይከፈታል።

ኢኳላይዘር ላይ ሁለት ነገር ብቻ አድርጉ። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ፤ የታችኛው ሚ ክር 82 ኸርዝ ላይ ስለሆነ ከዚያ በታች የሚቀረው የቤዙ ቦታ ነው። ከላይ ደግሞ ከ8 ወይም ከ10 ኪሎ ኸርዝ በኋላ ያለውን አውርዱ። ሪቨርብና ዲሌይ ከአይ አሩ በኋላ ይምጡ።

ሚክሱን ሌላ ሰው የሚሠራላችሁ ከሆነ ለእያንዳንዱ ጊታር ሁለት ፋይል ላኩ፣ ደረቁንና በአምፑ ያለፈውን። ሁሉም 24 ቢት ዌቭ ይሁኑ፣ ሳምፕል ሬታቸው አንድ ይሁን፣ ጊታሩ የሚገባው ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ቢሆን እንኳ ሁሉም ፋይል ከዘፈኑ መጀመሪያ ይነሣ፤ ያኔ ተቀባዩ ዜሮ ላይ ደርድሮ ወዲያው መሥራት ይችላል። የዘፈኑን ቴምፖ ፋይሉ ስም ላይ ጻፉለት።